ሽንት ቤቱ ተቆፍሯል፣ ሰው ግን ወደ ሜዳ ተመልሷል፤ ምን ላድርግ?

ጤና_ኬላ (ክሩን የከፈተች) · ሰኞ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ደቡብ ጎንደር ገጠር ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራው ላይ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው፤ ቢረዝምባችሁም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ቀበሌያችን ከአምስት ዓመት በፊት «ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነጻ» ተብላ ባንዲራ ተተክሎላታል። ያን ቀን ጠላ ተጠምቆ፣ ከወረዳ ሰው መጥቶ፣ ልጆች ዘምረው ነበር። እኔም ደስታው አንገቴ ላይ ተናንቆኝ አልቅሻለሁ። ለዚያች ባንዲራ ስንት ጓሮ ረግጫለሁ።

ባለፈው ወር አጎበር ለመቁጠር ቤት ለቤት ስዞር ጓሮ ጓሮውን አየሁ። አንዱ ጋ ጉድጓዱ ተደርምሶ ዱባ ተተክሎበታል። አንዱ ጋ ጎጆው ቆሟል፣ ውስጡን ጭራሮ ሞልቶታል። ሌላው ጋ ሁሉም በቦታው ነው፤ ክዳኑም በሩም አለ፤ ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ላይ ግን ሣር በቅሏል። ከሁሉም ያ ሣር ነው ያንገበገበኝ። ወንዙ ዳር ካለው ቁጥቋጦ ስደርስ ሰው የት እንደሚሄድ አፍንጫዬ ነገረኝ።

በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ጋ አረፍ ብዬ «እማማ፣ ሽንት ቤቱን ለምን ተዉት?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ቆፍሩ አላችሁን፣ ቆፈርን። መጥታችሁ አያችሁት፣ ጻፋችሁት፣ ሄዳችሁ። የእናንተ ጉድጓድ ነው እኮ» አሉኝ። ሊቆጡኝ ፈልገው አይደለም፤ ቡና እያፈሉልኝ ነው የተናገሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃላቸው ከጆሮዬ አልወጣም።

የእኛ ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ከ16ቱ ፓኬጆች 7ቱ የንጽህናና የአካባቢ ጤና ነበሩ። ዋናው ሥራችን ይሄ ነበር ማለት ነው። ቅስቀሳ እችላለሁ፣ ቆጠራ እችላለሁ። ጉድጓዱን የሰውየው የራሱ ማድረግ ግን አልተማርኩም። ማስገደድ አልፈልግም፤ ሞክረነዋል፣ ያተረፈልን ያንን ሣር ነው። ገጠር ያደጋችሁ፣ ሙያው ያላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።

የእነሴው · ሰኞ ከምሽቱ 3፡15

እህቴ፣ ልፋትሽን ፈጣሪ ይቁጠርልሽ። እኔ ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም፣ ሁለት እጁ እነሴ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ትራኮማ የሚባለውን የዓይን በሽታ የመከላከል ሥራ ወደ እኛ ሲመጣ፣ ሽንት ቤት የሌለው ቤት እስኪያፍር ድረስ ተቆፈረ። ሰው ያኔ ምን አስነሳው ብትይኝ፣ በእኛ ቤት እናቴ ናት።

በእኛ አገር ሴት ቀን ሜዳ አትወጣም። ወይ ጎህ ሳይቀድ፣ ወይ ሰው ከሰው ሳይለይ ሲመሽ ነው። እናቴ ቀን ላይ ውሃ የማትጠጣው ለምን እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እርጉዝ ሆና፣ ሆዷን ታማ እንኳ ጀንበር እስክትጠልቅ ትጠብቅ ነበር። አባቴ ስለ ዓይን በሽታ ሲነገረው ይሰማል፣ «እውነት ነው» ይላል፣ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል። አንድ ቀን እናቴ «ሴት ልጆችህ በጨለማ ጅብም ሰውም እየፈሩ ይውጡልህ?» አለችው። በማግስቱ ዶማ አነሳ።

መጀመሪያ ሴቶቹን ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። በሩ ወደ የት ዞሯል? ከመንገድ ይታያል? ጣሪያ አለው? ወንድ ቆፍሮት፣ ወንድ በሩን ወደ መንገድ ያዞረው ሽንት ቤት ከሆነ፣ ሴት ስትገባና ስትወጣ አላፊ አግዳሚው ያያታል። ከዚያ ቁጥቋጦው ይሻላታል።

ጡረተኛው_ሳኒታሪያን · ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡05

ልጄ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። ጎንደር የተማርኩ ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። ያ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ላይ ገጠር ወርደው እንዲሠሩ ታስቦ ነው። መኮንኑ ያክማል፣ ነርሷ እናቶችን ትይዛለች፣ እኛ ደግሞ ውሃውንና ሽንት ቤቱን። ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት ጉድጓድ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሰው ሽንት ቤት ሲተው «ግንዛቤ የለውም» እንላለን። እኔ ግን ስሄድ መጀመሪያ የማየው ጉድጓዱን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሰውየው ሳይሆን የጉድጓዱ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ዋልካ አፈር በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ያብጣል፣ አራት ማዕዘን የተቆፈረውን ጉድጓድ ጎኑን ገፍቶ ያፈርሰዋል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ጉድጓዱ ክብ ይሁን። ክብ ጉድጓድ ግፊቱን ዙሪያውን ስለሚካፈለው ይጸናል። የላይኛው አንድ ሜትር ያህል በድንጋይ ይካብ፤ ሸክላውም ጭቃውም ከሌለ ደረቅ ካብ ይበቃል። ወለሉ ከመሬቱ ከአንድ ስንዝር በላይ ከፍ ይበል፣ ዙሪያውን የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይውጣለት። ይህች ቦይ የግማሽ ቀን ሥራ ናት፤ እሷ ተረስታ ስንቱ ጉድጓድ በነሐሴ ጎርፍ እንደሞላ እኔ አውቃለሁ።

ወለሉ ላይ የሚጋደመው እንጨት ሌላው ጉዳይ ነው። ምስጥ ከበላው አንድ ቀን ሰው ይዞ ይወርዳል። ልጅ የገባበትን ጉድጓድ ያየ መንደር ደግሞ ዳግመኛ ሽንት ቤት አይረግጥም፤ ሊፈረድበትም አይገባም። እንጨቱ ይላጥ፣ በእሳት ይለብለብ፣ ከላይ በጭቃና በእበት በደንብ ይመረግ፣ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ይፈተሽ።

ከዚያ ክዳን። ቀዳዳው ሁልጊዜ ይከደን፤ ከተጠቀሙ በኋላ አንድ እፍኝ አመድ ይበተንበት። ሽታውም ዝንቡም ይቀንሳል። ጉድጓዱ ከምንጭም ሆነ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከውሃውም በታች ቁልቁል ይሁን።

ስለ ትራኮማም አንድ ነገር ልጨምር፤ የእነሴው ልጅ አንስቶታልና። የልጆችን ዓይን የምትወረው ዝንብ የምትራባው መሬት ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ውስጥ ነው። ጉድጓድ ውስጥ በገባው ላይ እንዲያ አትራባም። በየዓመቱ የሚታደለው አዚትሮማይሲን የሚባለው መድኃኒት የበሽታውን ተህዋስ ይገድላል፣ ዝንቧን ግን አያጠፋም። በዓለም ላይ የትራኮማ ሸክም እጅግ የከበደው በአገራችን ነው፣ ከአገራችንም አማራ ክልል ላይ። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይናቸውን ሲቧጥጣቸው በወረንጦ የሚነቅሉ እናቶችን ያየ ሰው ስለዚህ ነገር ዝም ሊል አይችልም።

ዋልካ_መሬት · ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡30

እኔ ገበሬ ነኝ። ስልኩ የልጄ ነው፤ እኔ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ሽንት ቤት ትተው ሜዳ ከተመለሱት አንዱ ነኝ።

ሳኒታሪያኑ ያሉት ሁሉ በእኔ ደርሷል። ሦስት ጊዜ ቆፈርኩ፣ ሦስቴም ክረምት በላው። ለአራተኛው ወገቤም ልቤም እምቢ አለ። ክብ አድርገህ ቆፍር ያለኝ ሰው የለም፤ ሜትር ይዘው መጥተው ጥልቀቱን ለክተው ሄዱ። አንድ ጊዜ እንዲያውም «ያልቆፈረ ማዳበሪያ አያገኝም» ተባልን። በእልህ ቆፈርኩት። በእልህ የቆፈሩት ነገር ደግሞ አይጥምም።

ሌላም አለ። እርሻዬ ከቤቴ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። በሬ ጠምጄ ሳለሁ ሆዴ ቢነዳኝ ቤቴ ልመለስ? ልጆቼም ከብት ይዘው ውለው ማታ ነው የሚገቡት። ስለ ቤት ብቻ ስትነግሩን እኛ የምንውልበትን ትረሱታላችሁ።

ጡረተኛው_ሳኒታሪያን · ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡10

ወንድሜ፣ እንዲህ በግልጽ ስለተናገርክ አመሰግናለሁ። እርሻ ላይ ዶማህ ከእጅህ አይለይም። ከውሃ መውረጃ ራቅ ብለህ አንድ ክንድ ያህል ቆፍር፣ ተጠቀም፣ አፈሩን መልሰህ ድፈነው። የማረሻ ጊዜ ሲሆን ደግሞ እርሻው የሚጎራበታችሁ አራት አምስት ሰዎች ተስማምታችሁ በድንበሩ ላይ አንድ የጋራ ጉድጓድ ብታበጁ ለእረኞቹም ይሆናል። ልጆችህን ድፈኑ ብለህ ካስለመድካቸው ትልቅ ነገር ነው።

ዲያቆን_ዘደብረታቦር · ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡45

ቆፍሮ መድፈን የአባቶች ሥርዓት ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ላይ እስራኤል ከሰፈር ውጭ እንዲወጣ፣ በመቆፈሪያም ቆፍሮ እንዲሸፍን ታዝዟል። ይህን ከቅዳሴ በኋላ ባስተማርኩ ጊዜ ሽማግሌዎቹ «እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ አለ?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። ከጤና ባለሙያ ሰምተውት ያለፉትን ያን ቀን ቤታቸው ድረስ ይዘውት ሄዱ።

የእኛንም ጉድለት ልናገር። በክብረ በዓል ቀን በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይሰበሰባል፣ ፀበል ቦታ ሰው ሳምንታት ያድራል፤ መጸዳጃው ግን ወይ የለም ወይ አንድ ነው። አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሲነሳ ፀበል ቦታዎች ላይ የሚበረታው ለዚህ ነው። ፀበሉ ከላይ ንጹሕ ሆኖ ይወርዳል፣ እኛ ከታች እናበላሸዋለን። የሰበካ ጉባኤ ጣሪያ ለመቀየር ገንዘብ ሲያሰባስብ የምእመናን መጸዳጃንም አብሮ ቢያስብ በረከት እንጂ ነውር የለበትም። እህቴ፣ ካህናቱን ቀድመሽ ያዣቸው። የንስሐ አባት የሚገባበት ቤት ጽዱ እንዲሆን የማይፈልግ ክርስቲያን የለም።

ወሎዬው_ሰዒድ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡20

እኛ ጋ ደግሞ አንድ ቀላል መንገድ አለ። ሙስሊም ቤት ሽንት ቤት የሚገባ ሰው ውሃ ይዞ ነው የሚገባው፤ ኢስቲንጃ፣ ማለትም ከተጸዳዱ በኋላ በውሃ መታጠብ አለበት። ስለዚህ ማንቆርቆሪያው በር ላይ ይኖራል። የጎደለችው ሳሙናዋ ብቻ ናት። ሰፈራችን ያለው ኢማም «እጃችሁን በአፈር ወይ በሳሙና ሳትፈትጉ ኢስቲንጃው ሞላ አትበሉ» ብለው ካስተማሩ ወዲህ በየሽንት ቤቱ በር ላይ በጨርቅ የተቋጠረች ሳሙና ተንጠልጥላ ታያለህ። ማንም ኮሚቴ አላቋቋመም።

እስቲ ደግሞ ይህን አስቡት። እኛ ኢትዮጵያውያን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እጅ ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብም። ልጅ ማስታጠቢያና ጆግ ይዞ በታላቅ ተርታ እየዞረ ያስታጥባል፤ እንግዳው ይመርቀዋል። ይህን ያህል የከበረ ልማድ ያለው ሕዝብ እጅ መታጠብን አያውቅም ማለት ነውር ነው። የጎደለው ሌላ ነው። በውሃ ብቻ ለቅለቅ ነው የምናደርገው፣ ብዙዎቻችንም አንድ እጅ ብቻ ነው የምንታጠበው። ከምግብ በፊት እንጂ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ሕፃን ካጸዳን በኋላ፣ ሊጥ ከመንካታችን በፊት አይደለም። ያለውን ልማድ ማስፋት አዲስ ልማድ ከመትከል ይቀላል።

ጤና_ኬላ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡50

ሰዒድ ወንድሜ፣ ይህን ነገር ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። በተለይ የሕፃኑ ጉዳይ እውነት ነው። እናቶች «የሕፃን ዓይነ ምድር ምን አለበት፣ ጡት ብቻ ነው የሚጠባው» ይሉኛል። በእጃቸው ወይ በቅጠል ጠርገው ደጅ ይጥሉታል፤ በዚያው እጅ እንጀራ ይጋገራል። እኛ የተማርነው ግን ከአዋቂው የባሰ ተህዋስ ሊይዝ እንደሚችል ነው። ይህን ስነግራቸው አንዳንዶቹ ይደነግጣሉ።

መምህርት_ከአዊ · ረቡዕ ከቀኑ 7፡20

አንደኛ ደረጃ ሳይንስ አስተምራለሁ። ስለ ማስደንገጥ ከተነሳ የማልስማማበትን ልናገር።

ቀበሌያችሁ «ነጻ» የሆነችበት መንገድ በማሳፈር ይመስለኛል። ያ ዘዴ ካማል ካር የሚባል ሕንዳዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ባንግላዴሽ ላይ የጀመረው ነው፤ ወደ እኛ የገባው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። መንደርተኛው ተሰብስቦ መሬት ላይ የሰፈሩን ካርታ ይሠራል፣ የሚጸዳዳበትን ቦታ በአመድ ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ ሁሉም ቦታው ድረስ ይሄዳል። ሲመለስ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቆሻሻ የነካ ፀጉር ይነከርና «ማን ይጠጣል?» ይባላል። ሰው ይጸየፋል፣ ያፍራል፣ ይነሳል።

እኔ ባየሁት ስብሰባ ላይ ግን አንዲት ባሏ የሞተባት እናት፣ ቤቷ ጀርባ የተገኘው በሕዝብ ፊት ሲታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ወደቀች። የሚቆፍርላት ሰው አልነበራትም። አንድም ሰው «እኔ እቆፍርላታለሁ» አላለም። ቀን ቆጥራ በባዶ እጇ ሁለት ክንድ ያህል ቧጠጠች፤ ለክረምት አልደረሰም። ሰውን አዋርዶ የመጣ ንጽህና ለእኔ ንጽህና አይደለም።

የእነሴው · ረቡዕ ከምሽቱ 1፡00

መምህርት፣ ያየሽው ያሳዝናል። ግን ዘዴውን ጠቅልለን አንጣለው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባወጡት መረጃ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመቶ 92 የሚሆነው ሕዝባችን ሜዳ ነበር የሚጸዳዳው፤ በ2015 ወደ 29 ወርዷል። ያን ያህል የወረደ አገር ጥቂት ነው። አንዱ አንዱን ሳይነቀንቅ ይህ አይመጣም ነበር።

መምህርት_ከአዊ · ረቡዕ ከምሽቱ 1፡25

ቁጥሩን አልክድም፤ ኮርቼበታለሁም። እህታችን የጠየቀችው ግን ከቁጥሩ በኋላ ስላለው ነው። እፍረት ጉድጓድ ያስቆፍራል። አምስተኛ ዓመት ላይ ምስጥ የበላውን እንጨት የሚያስቀይረው ግን እፍረት አይደለም፤ ያኔ የሚያይ የለም።

በትምህርት ቤታችን የሆነውን ልንገራችሁ። የሴቶቹ ሽንት ቤት በር አልነበረውም። ሰባተኛ ክፍል የደረሱ ሴት ልጆች በወር ሦስት አራት ቀን ይቀሩ ነበር፤ ምክንያቱን የሚጠይቃቸው የለም። ወላጆች ተሰብስበው በር ገጠሙ፣ ውስጡ መታጠቢያ ውሃና የተጠቀሙበትን መጣያ ተደረገ። አሁን መቅረታቸው በጣም ቀንሷል። ከዚያ በኋላ ነው ልጆቹ ቤታቸው ሄደው «የእኛስ በር የት አለ?» ማለት የጀመሩት። አንድ አባት መጥተው «ልጄ አላስቀምጥ አለችኝ» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት እንጂ ንዴት አልነበረም።

ስደተኛዋ_ሻርጃ · ረቡዕ ከምሽቱ 5፡40

እዚህ አረብ አገር የሰው ቤት ነው የምሠራው። ከሁለት ዓመት በፊት ለእናቴ ሽንት ቤት አሠራሁላት፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት። ፎቶ ሲልኩልኝ አለቀስኩ። ዘንድሮ ለእረፍት ስገባ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። «እማዬ፣ ምንድነው?» ስላት «ለእንግዳ ነው፤ እንዳይቆሽሽ» አለችኝ። እሷና እህቶቼ ያው ገደል ሥር።

አልተቆጣኋትም። እጇን ይዤ «እማዬ፣ እኔ የሰው ሽንት ቤት እያጠብኩ ባመጣሁት ገንዘብ ነው ይህን የሠራሁት። ለአንቺ ነው እንጂ ለእንግዳ አይደለም» አልኳት። ቁልፉን ፈትታ ሰጠችኝ። አሁን ስደውል ከጤናዋ ቀጥሎ የምጠይቃት ስለ እሱ ነው፤ እሷም አመዱን እንዴት እንደምታደርግበት ትነግረኛለች።

ገንዘብ ለምትልኩ ሁሉ፦ ቤቱን ብቻ አትሥሩ፤ ለማን እንደተሠራ በአፋችሁ ንገሯቸው።

ዋግ_ኽምራ · ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡30

ሁላችሁም ጥሩ ትላላችሁ። እኛ ጋ ግን ሴት በበጋ 20 ሊትር ጄሪካን ለመሙላት ግማሽ ቀን ትሄዳለች። ያን ውሃ ለልጅ፣ ለሽሮ፣ ለጥጃ ትሰፍራለች። ለእሷ «ከሽንት ቤት ስትወጪ ታጠቢ» ማለት ከባድ ነው። መጀመሪያ ውሃ አምጡ።

ጡረተኛው_ሳኒታሪያን · ሐሙስ ከጠዋቱ 3፡00

እውነትሽን ነው፤ ውሃው የመንግሥት ዕዳ ነው፣ ከዚያ ማምለጥ የለብንም። እስኪመጣ ድረስ ግን ይህን ሞክሪ። አንድ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውሰጂ። ከታች በኩል በምስማር ብሱ አድርጊና የእስክሪብቶ ቀፎ ሰክተሽ አፉን በትንሽ እንጨት ድፈኚ። ውሃ ሞልተሽ ሽንት ቤቱ በር ላይ እሰሪው። ውታፉን ስትነቅይ ውሃው እንደ ክር ይወርዳል። በጆግ ሲያፈሱት ለአንድ ሰው የሚያልቀው ውሃ በዚህ ለብዙ ሰው ይበቃል። ከሥሩ ጎመን ወይ ቃሪያ ብትተክይ የፈሰሰውም አይባክንም። ሳሙና ከሌለ አመድ አሹበት፤ እንደ ሳሙና ባይሆንም ከባዶ ውሃ ይሻላል። እንዶድም ካላችሁ አያቶቻችን ነጠላ ያጠቡበት ነው፤ አረፋው ቆሻሻ ያስለቅቃል። ያን እንዶድ አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡበት ቀንድ አውጣዎች ሲሞቱ አይተው፣ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1964 የደረሱበት የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ደጃችን ላይ የበቀለውን ነገር መናቅ የለብንም።

ዋግ_ኽምራ · ሐሙስ ከምሽቱ 2፡15

ዛሬ ከልጄ ጋር አንድ ሠራን። ይፈስሳል፣ ግን ቀፎው ጎን ያንጠባጥባል። በሰም ብደፍነውስ?

ጡረተኛው_ሳኒታሪያን · ሐሙስ ከምሽቱ 2፡30

ሰም ጥሩ ነው። ብሱን ከቀፎው ጠበብ አድርገሽ፣ ምስማሩን አግለሽ ብትበሺው ደግሞ ራሱ ይይዘዋል።

ጤና_ኬላ · ከ24 ቀን በኋላ፣ እሑድ ከቀኑ 9፡00

ይቅርታ፣ ጠፋሁ። የክትባት ዘመቻ ነበር።

የመከራችሁኝን ይዤ አንድ ጎጥ ብቻ ያዝኩ፤ ቀበሌውን ሁሉ አልነካሁም። መዝገብም አልያዝኩም። መጀመሪያ ሴቶቹን ለብቻ ቡና ላይ አገኘኋቸው። የእነሴው ወንድሜ፣ በሩ ነው ያልከው እውነት ነው። አብዛኞቹ ያነሱት ስለ በርና ስለ ጣሪያ ነው፤ በሽታን ያነሳ ጥቂት ነው። አንዷ «ዝናብ እየመታኝ ከምቀመጥ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ» አለችኝ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ስለ ጉድጓድ ጥልቀት ሳስተምር፣ ለካ የእነሱ ችግር ከላይ ነበር።

ከዚያ ወንዶቹ። ካህኑ ከሰንበቴ በኋላ ዲያቆን ያነሳውን ነገር በራሳቸው አንደበት አስተማሩ። ለመስክ ሥራ ደቦ እንደሚወጣው ሁሉ ለሽንት ቤትም ደቦ ይውጣ ብለው የወሰኑት ራሳቸው ናቸው፤ አቅመ ደካማዎቹ ቀድመው እንዲሠራላቸው ያሉትም እነሱው። እስካሁን ሰባት ቤት ደርሰዋል። ክብ፣ በድንጋይ የተካበ፣ ቦይ የወጣለት። በሮቹ ወደ ጓሮ ዞረዋል። ቤት እመቤቷ በሩ የሚዞርበትን ቦታ ቆማ ታሳያለች፣ ወንዶቹ እሷ ያለችውን ይሠራሉ። ይህን በዓይኔ አይቼ ውስጤ ሞላ።

ሃይላንዱ ግን አንዳንዱ ቤት ሰነበተ፣ አንዳንዱ ቤት ልጆች ለኳስ ወሰዱት። የሰነበተው ልጆቹ ራሳቸው የሠሩት ነው። ቀጥሎ በትምህርት ቤቱ በኩል እሞክራለሁ፤ መምህርት፣ ልደውልልሽ እፈልጋለሁ፣ በውስጥ ጻፊልኝ።

አሁን ችግሬ አንድ ነው። «የእናንተ ጉድጓድ ነው» ያሉኝ እማማ ጋ ደቦው ሐሙስ ወጣ። አንድ ሜትር እንደተቆፈረ አለት ወጣ። ሌላ ቦታ ሞከሩ፣ ያው አለት። ጓሯቸው ጠባብ ነው፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ራቅ ያለ ቦታ መሥራት አይሆንም። ወንዶቹ ተስፋ ቆርጠው ሊደፍኑት ነው። ጋሼ ሳኒታሪያን፣ ምን ላድርግ?

ጡረተኛው_ሳኒታሪያን · እሑድ ከቀኑ 10፡20

እንዳይደፍኑት ንገሪያቸው! አንድ ሜትር ይበቃል።

ደረቅ ጉድጓድ ለአንድ ሰው በዓመት የሚሞላውን እኛ 0.06 ሜትር ኩብ ብለን ነበር የምናሰላው። ጉድጓዱ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግማሹ ብቻ እስኪሞላ እንኳ፣ አመዱና አፈሩ ተጨምሮበት፣ ለእሳቸው ብቻቸውን ቢያንስ ሁለት ዓመት ያስኬዳቸዋል። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሁለት ረድፍ ድንጋይ ይካብና ዙሪያው በአፈር ይሞላ፤ እንዲያ ሲሆን ከጉድጓዱ ላይ ሁለት ስንዝር ያህል ጥልቀት ያተርፋሉ። አለቱ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ቁልቁል ምንጭ እንዳይኖር አረጋግጪ፤ ስንጥቅ አለት ቆሻሻ ሩቅ ይወስዳል።

ጎጆው ቀላል ይሁን፤ አራት ቋሚ እንጨትና የሣር ክዳን፣ አራት ሰው አንስቶ የሚያዛውረው። ሲሞላ ጎጆው ሁለት ሜትር ይሻገራል፣ የሞላው ጉድጓድ ለም አፈር ይለብስና ከወራት በኋላ ዛፍ ይተከልበታል። ዚምባብዌ ውስጥ የተጀመረ ዘዴ ነው፣ በእኛም አገር ተሠርቶበታል። እማማ የሚወዱትን ጠይቂያቸው፤ ጌሾ ከሆነ ጌሾ፣ ኮክ ከሆነ ኮክ።

ስለ ጉልበታቸው፦ መውጫው አንድ ከፍ ያለ ደረጃ አይሁን፣ በአፈር እየተደለደለ በቀስታ ይውጣ። ውስጥ በስተቀኝና በስተግራ የሚይዙት የተላጠ እንጨት ቁሙላቸው፤ ቁመቱ ቁጭ ሲሉ እጃቸው የሚደርስበት። መቀመጥ የሚያቅታቸው ከሆነ የተሰበረ ወንበር መሃሉ ተቀዶ ይቀመጥበት።

ጤና_ኬላ · እሑድ ከቀኑ 10፡35

ወንበር አለኝ፤ ጤና ኬላው ጓዳ ውስጥ መቀመጫው የተሰበረ አንድ የእንጨት ወንበር አለ። ነገ ጠዋት ይዤው እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ግን በሩ ወደ የት እንደሚዞር እጠይቃቸዋለሁ።